ለጥሪ የተቆረጠች ጁምዓ

ልጄ ጠሃ ሐይቅ ከተማ መናኸሪያው ጎን ስልክ ይጠግናል። እኔ ዓሣ ነው የምሸጥ። የተማርሁት እስከ ሁለተኛ ክፍል ነው፤ እሱ የሠራውን ነገር እንግዲህ በገባኝ መጠን ልንገራችሁ።

ቅሬያችን፣ ሌላው እድር የሚለው፣ ሰው ሲሞት በለፋፊ ነበር የሚጠራ። እስላም ጀናዛ አያሳድርም። ጧት የሞተ ከሰዓት ይቀበራል፤ ለፋፊው ላይኛው ሰፈር ሳይደርስ ሟቹ አፈር ይለብሳል። ጠሃ ይህን አይቶ «ጥሪ» የሚሉትን አፕ በየስልካችን ጫነልን። ሰው ሲሞት ስልኩ ራሱ አፍ አውጥቶ የሟቹን ስም ይናገራል። ማንበብ ለማንችለው ትልቅ ነገር ነበር። ክፍያ የለው፣ ባለቤት የለው። በየአገሩ ያሉ የማይተዋወቁ ሰዎች ከሥራ መልስ እየተጋገዙ ነው የሚሠሩት፣ ጠሃም አንዱ ነው፤ ውስጡ ለሁሉም ክፍት ነው፣ የቻለ ገብቶ ያቃናል። ደቦ በሉት፤ ድግስ የሌለው ደቦ።

ኋላ አረብ አገር ያሉት ልጆች አዳዲስ ስልክ መላክ ጀመሩ። በአዲሱ ስልክ ላይ ጥሪ ዲዳ ሆነ።

ሰው መጀመሪያ በደህና ጠየቀ። እየቆየ ሰላምታውም ቀረ፤ መስጊድ በር ላይም ሆነ ባጃጅ ውስጥ «አፕዴቱ መች ነው?» ብቻ ሆነ።

«ድምፁን የሚሠራው ጁማ ነው» ይላል ጠሃ። «ዛንዚባር ነው ያለ። ልጁ ታሞበታል።»

«አይተኸው ታውቃለህ?» አልሁት አንድ ቀን።

«የለም እማ።»

«ሳታየው ታምነዋለህ?»

«ሥራውን አይቻለሁ።»

ጎረቤቴ ረቢያ፣ የጡት እህቷ ዋሲላ ስትሞት ስልኳ ጭጭ አለ። ስትደርስ ጀናዛው ወጥቷል። ከለቅሶው ቤት በቀጥታ እኔ ዘንድ መጣች።

«አንች ሙጂባ፣ ያ ልጅሽ ስክሪን ሲቀይር እጁ ፈጣን ነው። ለእኛ ሲሆን ነው የሚተበተብ?»

«ቀጥረሽዋል እንዴ? በነፃ የተሰጠሽን!»

«በነፃ የሰጠኝ ለፋፊውን አስቀርቶብኝ ነው!»

ወላሂ እውነቷን ነው፤ ጥሪ ከመጣ ወዲህ ለፋፊው ቀርቷል።

ቅሬያችን ሕግ አለው። የቅሬ ሥራ የያዘ ሰው፣ መቃብር የሚቆፍርም ይሁን ቃሬዛ የሚጠብቅ፣ ካጓደለ ከነቤተሰቡ ይታገዳል፤ ሲሞቱም ሰው አይወጣላቸውም። የቅሬው ዳኛ ሸህ ሐቢብ ይህንኑ ሕግ አመጡ። የልጄን ስጦታ እንደ ቃሬዛው ቆጠሩት። እስከ ጁምዓ ይደርሳል፣ አለዚያ ትታገዳላችሁ ተባለ።

«እምቢ በል!» አልሁት እዚያው ሰው ፊት። «ያግዱን! እኔን ዓሣው ይቅበረኝ!»

ሰው ሳቀ። ጠሃ አልሳቀም።

«እሽ፣ እስከ ጁምዓ» አለ።

ቤት ስንገባ ተቆጣሁት። «በብዙ ስልክ ሳይሞከር አይወጣም ስትል አልነበር?»

«ሌላ ቀን አይሰጡኝም እማ። ቃሬዛ ተከልክለሽ ማየት አልፈልግም።»

ሐሙስ የጁማን ድርሻ ራሱ ጨርሶ፣ በብዙ ስልክ ሳይሞክር አወጣው። ስልኩ ሁሉ አፍ ፈታ፤ ረቢያ እንኳ መርቃው ሄደች።

ጁምዓ፣ ሰው ከመስጊድ ሲወጣ፣ ስልኩ ሁሉ ባንድ ላይ ይጣራ ጀመር። ከዚህ በፊት የሞቱትን ሁሉ፣ አሁን እንደሞቱ አድርጎ፣ ተራ በተራ። ያኔ ጦርነቱ ውጫሌ ደርሷል፤ መንገዱ በተፈናቃይ ተጨናንቋል። ከተማው ላይ ከባድ መሣሪያ የወደቀ ነው የመሰለን። ሴቱ ጫማውን ጥሎ ወደየልጁ ሮጠ። ሪያድ ያለች ልጅ የአባቷን መርዶ ሁለተኛ ሰምታ እያለቀሰች ደወለች። ረቢያ ስልኳን በሁለት እጇ ይዛ መንገድ መሀል ቁጭ ብላለች። «ዋሲላ» ይላታል ስልኩ፣ «ዋሲላ»።

ጠሃን የመታው የለም፣ የሰደበውም የለም። እየመጡ ስልካቸውን ዘረጉለት፤ እሱም እየተቀበለ ጥሪን አጠፋላቸው። ቢሰድቡት ይሻል ነበር።

ጦርነቱ እኛም ዘንድ ገባ፤ ኔትወርኩ ጠፋ። በዚያ ወቅት የሞተ ሁሉ ሳይጠራለት፣ በተገኘው ሰው ተቀበረ።

አገር ሲረጋጋ ጁማ ሥራውን ጨርሶ ልኮ ተገኘ። አማርኛ የሚያውቅ ሰው ሞክሮ «ደህና ነው» እስኪለው ብቻ ነው የሚጠብቅ። ሸህ ሐቢብ ሁለት ሽማግሌ አስከትለው መጡ። እገዳ የለም፣ ለአላህ ብለህ አውፍ በለን፣ ይቅር በለን፣ ጥሪን መልስልን አሉት። ጠሃ ጉልበታቸውን ስሞ ወንበር ሰጣቸው።

«ክፍት ነው አባባ። የፈለገ ገብቶ ይሥራው። እኔን ግን ተዉኝ።»

እርስ በርስ ተያዩ። ማን ይግባ?

እኔ ግትር ነኝ፣ ሰው አልለምንም። እሱን ግን ለመንሁት። ጥሪን ሲሠራ አየው ነበራ! ብቻውን ይስቅ ነበር። አሁን ስክሪን ይቀይራል፣ ሱቁን ይዘጋል፣ ገብቶ ይተኛል። ያን ሳቁን ለእኔ ቃሬዛ ብሎ ሰጠው፤ እኔ ደግሞ ቃሬዛውን አልጠየቅሁትም ነበር።

ሰሞኑን ላይኛው ሰፈር ሰው ሞቶ ወሬው ዘግይቶ ደረሰኝ። ዳገቱን ስወጣ ረቢያን አገኘኋት፤ እሷም ገና መስማቷ ነው። ወንዶቹ አካፋ ይዘው ሲመለሱ አየናቸው።

«ጠሃ አሁንም እምቢ እንዳለ ነው?» አለችኝ።

«እንዳለ ነው።»

ትንሽ ሄድን።

«አናጣድፈውም በይው» አለች። «በፈለገው ቀን ይሁን።»

እሽ አልኋት። ቤት ገብቼ ግን አልነገርሁትም፤ ይህንንም ማጣደፍ አድርጎ እንዳይቆጥርብኝ ፈራሁ።