ኤሊ ያልነበረው ድንጋይ

እብነ በረድ ቆራጩ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ሳሎኑ ውስጥ ኤሊ ነበረው። ድንጋይ የሆነ ኤሊ ነው፤ መሠረት ሲቆፈር ያገኘው፣ ድቡልቡል፣ ጀርባው በመስመር በመስመር የተከፋፈለ። ለእንግዳ ከሻዩ በፊት የሚቀርበው እሱ ነው። አማቱማ አልፎ አልፎ የጎመን ቅጠል ፊቱ ያኖሩለታል፤ «ምን ይታወቃል፣ ቢነቃስ?» እያሉ።

ታዲያ አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ የእህቱ ልጅ ልትጠይቃቸው መጣች። ስለ ድንጋይ ተምራ የተመረቀች ልጅ ናት። ኤሊውን አገላበጠችና ከንፈሯን ነከሰች።

«አጎቴ፣ አትቆጣኝም?»

«ተናገሪ እንጂ።»

«ኤሊ አይደለም። ድሮ ባሕር ስር የተድቦለቦለ ጭቃ ነው። ውስጡ ሲሰነጠቅ፣ ስንጥቁን ውሃ ያመጣው ማዕድን ሞላው። ስንት ሰው ተሳስቷል መሰለህ!»

ሚስቱ ሳቋ አመለጣት። «አሥራ ሁለት ዓመት ጭቃ ስወለውል ኖርኩ በሉኛ!»

እሱ አልሳቀም። ሰፈሩ የሚጠራው «ባለ ኤሊው» ብሎ ነው። ዝም ቢል፣ ከእንግዲህ እያወቀ ለእንግዳ ሊዋሽ ነው፤ ቢናገር መሳቂያ ሊሆን ነው።

«ውስጡስ ምን ይመስላል?» አለ በመጨረሻ።

«ሳይቆረጥ አይታወቅም። ያማረም፣ የማይረባም ሊሆን ይችላል።»

ብድግ አድርጎ ታቅፎት ጓሮ ወዳለው መቁረጫው ወረደ፤ ሦስቱም ሴቶች ተከተሉት። ልጅቷ መሐል ለመሐል በጠመኔ አሰመረችለት። እሱ ግን ድንጋይ ሳያዳምጥ ቆርጦ አያውቅም። ጆሮውን ለጥፎ በጣቱ አንጓ ኳ ኳ አደረገው፤ ትንሽ አዞረና ደገመው።

«እዚህ አይደለም፤ ስንጥቁ በጎን ነው የሚሄደው» ብሎ መስመሩን በአውራ ጣቱ አጠፋው።

መጋዙ ጮኸ፣ ውሃው ተረጨ። ድንጋዩ ለሁለት ተከፈተ። ከመሐሉ የማር ቀለም ያለው ብርሃን በየአቅጣጫው ፈንጥቋል፤ ዙሪያውን ቡናማ ጥልፍ ይዞታል።

«ኧረ በስመ አብ!» አሉ አማቱ። «ፀሐይ ውጦ ነው እንዴ የተኛው?»

«በእኔ መስመር ብትቆርጠው ይሄ ሁሉ አይታይም ነበር» አለች ልጅቷ፣ ጠመኔውን ኪሷ እየከተተች። ሚስቱ ደግሞ ግማሹን በቀሚሷ ጫፍ እያደረቀች፣ «ይሄኛው የኔ ነው፤ ደክሜበታለሁ» አለች።

የመጋዙን ጩኸት የሰማው ጎረቤት በአጥሩ ላይ አንገቱን አሰገገ። «ምነው ባለ ኤሊው፣ ኤሊህን አረድከው?»

«ኤሊ አልነበረም ወንድሜ፣ ተሳስቼ ነው!» አለ ቆራጩ፣ ጥርሱ ሁሉ እየታየ። «ና ዙርና ግባ፣ ጭቃዬን ላሳይህ!»