ሦስት ሜትር አለት

እ.ኤ.አ. ማርች 11 ቀን 1998 ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ከሩብ ላይ ከደቡብ ኮሪያዋ የወደብ ከተማ ከሞክፖ በሬዲዮ መልእክት መጣ፤ የዱቺልና የማንሶክ እናት እያጣጣሩ ነው። ሁለቱ ወንድማማቾች ባሕሩ መሃል በመቆፈሪያ ጀልባ ላይ ሆነው ሊሠራ የታቀደው ድልድይ ምሰሶ የሚያርፍበትን መሬት ይፈትሹ ነበር። ታላቁ ዱቺል የቆፋሪዎቹ አለቃ ነው።

ከባሕሩ ወለል በታች ሠላሳ ሜትር ያህል እንደ ሊጥ የላላ ጭቃ ነው፤ ሲሚንቶ ገብቶበት ካልጠነከረ ምንም አይሸከምም። ከጭቃው ሥር መሰርሰሪያው ድንጋይ ነክቷል። ድንጋዩ የምድሩ አለት ይሁን የተቀበረ ቋጥኝ፣ ሦስት ሜትር ሳይበሱት አይታወቅም። ዱቺል ባለፈው ዓመት ሦስቱን ሜትር ሳይጨርስ ቋጥኝን አለት ነው ብሎ ተሸውዶ መሳቂያ ሆኗል።

ሰው የምታመላልሰው ጀልባ፣ የባሕሩ ውኃ እንደየዕለቱ ሸሽቶ እስከ ማታ መንገዱን ሳይዘጋባት ለመውጣት ሞተሯን አስነሥታለች።

“ጋሼ፣ እንሂድ እንጂ።”

“ይቺን ልጨርስ። ማታ ውኃው ሲሞላ እንሄዳለን።”

“እማዬ ውኃው እስኪሞላ ትጠብቀናለች? ድንጋዩ እንደሆነ የትም አይሄድ።”

“አምናም እንዲሁ ብለን ነበር።”

“እሺ፣ አንተ ድንጋይህን አጫውት፤ እኔ ልሂድ።”

ዱቺል እጁን ከማሽኑ አላነሣም። “ታላቅ እያለ ታናሽ ብቻውን እናቱን አይሸኝም። ሰው ምን ይለናል? አብረን እንገባለን።”

ማንሶክ ከታላቁ ቃል ወጥቶ አያውቅም። ጀልባዋ ስትርቅ ቆሞ አያትና የመሰርሰሪያውን ዘንግ ለማቀበል ተመለሰ።

የመጀመሪያው ሜትር ወጣ፤ ስንጥቅ የሌለው ግራጫ ድንጋይ ነው። ሁለተኛውም ያው። ዱቺል ያኔውኑ ልቡ ዐውቆታል፤ ግን ጀልባዋ ሄዳለች፣ እጅ አጣጥፎ መቀመጡንም ፈራው። ሦስተኛው ሲወጣ ማንሶክ ናሙናውን ሣጥኑ ውስጥ አጋደመና “አለት ነው” አለ።

ማታ ውኃው ሞልቶ ቤት ሲደርሱ እናታቸው ዐርፈዋል። እጃቸውን ይዛ የሸኘቻቸው ጎረቤታቸው ዓሣ ሻጯ ናት።

“በሩን በሩን ሲያዩ ነበር” አለቻቸው። “‘ከሁለቱ አንዱ ቢመጣልኝ ይበቃኛል’ ይሉ ነበር።”

በቀብሩ ዕለት ዱቺል እንደ ታላቅ ልጅ ከፊት ቆመ። በተከታዩ ወር ማንሶክ ወደ ሌላ የመቆፈሪያ ጀልባ ተዛወረ፤ ሁለቱ ከዚያ ወዲህ አብረው አልሠሩም።