የስቬሬ ጎማና የቶርሌፍ ምላስ

ይህ የምነግራችሁ ነገር ቅንጣት ውሸት ካለበት ምላሴ እንደ አሮጌ ጎማ ይላጥ። በሰሜኑ የበረዶ አገር ከትሮምሶ ከተማ በላይ ያለው ባሕር ዳርቻ በሙሉ፣ ዓሣው ሳይቀር፣ ያውቀዋል።

ቶርሌፍ የዓሣ ጭነት መኪና ሾፌር ነው። በዚያ አገር እሱን የሚያህል ሾፌር አልተወለደም፤ ተወልዶም ከሆነ በረዶ ውስጥ ቀርቷል። የዚያን ቀን ግን መንገድ ዳር ካለው ምግብ ቤት ተቀምጦ ዋፍል የሚሉት ጣፋጭ ቂጣ ላይ ቡናማ አይብ ሲደርብ፣ በውስጡ እፍረት እንደ ምድጃ ይነድ ነበር። ጢሙን ሳይቀር የሚያቃጥለው ነገር ቢሆንም አንድ ሰው አላወቀበትም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ወደብ ላይ ተሳቢውን በሙቅ ውሃ አጠበና በእርጥቡ የእጅ ፍሬን ስቦ ተኛ። በዚያ ብርድ ይህን የሚያደርግ ጀማሪ እንኳ የለም። ውሃው የፍሬኑ ታምቡር ውስጥ በረዶ ሆኖ ስለሚጋገር ሰው ጎማ ሥር ታኮ ያደርጋል እንጂ ፍሬን አይስብም። ይህን ለአካባቢው ሾፌር ሁሉ ሲያስተምር የኖረው ደግሞ ራሱ ቶርሌፍ ነው! ጠዋት ሲነሳ የተሳቢው አንድ ጎማ በቀዘቀዘው ፍሬን እንደተነከሰ ልብ አላለም። መንገዱ በበረዶ መስታወት ሆኖ ስለነበር ጎማው ሳይዞር እየተንሸራተተ ተከተለው። ከድልድዩ ወዲያ በረዶው አልቆ አስፋልት ሲጀምር፣ ጎማው አንድ ቦታው ላይ እስከ ሽቦው ተፍቆ ፈነዳ። ድምፁን ሩሲያ ድረስ ሰምተውታል። ቶርሌፍ ታምቡሩን በመዶሻ ደብድቦ አላቀቀ፣ ጎማ ቀየረ፣ ከዚያም ግራ ቀኙን አይቶ ያንን የተፋቀ ጎማ እያንከባለለ ባሕር ውስጥ ጣለው።

ጥፋቱንም ስቬሬ ላይ ጣለ። ስቬሬ የእህቱ ባል ነው፤ ጎሚስታ። ለዚያ ጎማ አዲስ ጥርስ ለጥፎ ያደሰው እሱ ነበር።

“ቀጥል እንጂ አንተ!” አለች ከጠረጴዛው ማዶ የመኪኖቹ ባለቤት ራግንፍሪድ። “ከሰኞ ጀምሮ ጎማዬን ለስቬሬ ልስጥ ወይስ ሌላ ሰው ልፈልግ? እሱን ቁርጡን ንገረኝ።”

“ምኑን ልንገርሽ! የጎማው ጥርስ እንደ ድንች ልጣጭ ተላጠ! ሽቅብ ተወንጭፎ ንስር መትቶ ጣለ!”

“ትናንት ስታወራ ዳክዬ ነበረ” አለ አንዱ ከጥግ።

“አንተ ዋፍልህን ብላ! ከፊቴ ተማሪ ጢም ያለበት አውቶቡስ እየመጣ ነው። መሪውን በጥርሴ ነክሼ፣ ገደሉን ታክኬ አዳንኳቸው!”

ሳቁ ጣሪያውን ሊያነሳው ደረሰ። ያልሳቀው እዚያው አብሯቸው የተቀመጠው ስቬሬ ብቻ ነው። የጠቆረ እጁን ጠረጴዛ ሥር ደብቆ፣ “ምናልባት ሙጫው አልያዘልኝም ይሆናል” አለ። “ይቅርታ ቶርሌፍ። የሰው ነፍስ ላስጠፋ ነበር።”

ቶርሌፍ ዋፍሉን አስቀመጠ። ምነው ቢሰድበኝ አለ በሆዱ፤ ምነው በዚህ ሳህን ቢፈነክተኝ። “ጥፋቱ የኔ ነው” ሊል አፉን ከፈተ። ግን ያ አፍ ተከፍቶ እውነት አውጥቶ አያውቅም፤ ልማዱን ተከተለ።

“ካላመናችሁኝ ጉድቬይግ ትመስክር! በረዶ ጠራጊ መኪናዋን እየነዳች እስከ ድልድዩ ከኋላዬ ነበረች። አነዳዴ ገርሟት መንገዱን ሙሉ መብራት ስታበራልኝ፣ እኔም እጄን ሳውለበልብላት!”

ሁሉም መስኮቱ ሥር ወደተቀመጠችው ሴት ዞሩ። ጉድቬይግ የዓሣ ሾርባዋን ትታ ማንኪያዋን ቀስ ብላ አስቀመጠች።

“አውቶቡስ አላየሁም፣ ቶርሌፍ” አለች፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። “መብራት የማበራልህም እንድትቆም ነበር። ከወደቡ ጀምሮ ያ ጎማ አንዴ እንኳ አልዞረም። ሌሎቹ በረዶው ላይ የጥርስ አሻራ ሲተዉ፣ እሱ እንደ ሸርተቴ ልሙጥ መስመር ብቻ ነው የተወው። የስቬሬ ጎማ ምንም አልነበረበትም።”