መርዶ በሻይ ሰዓት

ፀዳለ ሰው ለሻይ ከጠራች ሦስት ዓመት ሊሞላት ነበር። ድሮ፣ ባሏ የስኳር ፋብሪካ ሹም በነበረ ጊዜ፣ ክረምቱ ወጥቶ የናዝሬት አቧራ ገና ሳይነሣ፣ ጽጌረዳዋ በፈካ ሰሞን፣ አትክልቱ መሐል ረጅም ጠረጴዛ ታስዘረጋለች። ነጭ የጠረጴዛ ልብስ፣ ከንፈራቸው ወርቅ የተቀባ ስኒዎች፣ ዙሪያው የተቀረፈ ስስ ዳቦ፣ ብስኩት፣ ኬክ። ከፋብሪካው ፈረንጆች ሚስቶች የቀሰመችው ወግ ነው። የሰፈሩ ሴቶች መጀመሪያ ላይ «ይሄ የወፍ ቀለብ ምንድን ነው?» እያሉ ቢያሾፉባትም፣ ከለመዱት በኋላ ጥቅምት በጠባ ቁጥር «ፀዳለ፣ ሻይሽ የታለ?» ማለት ጀመሩ። ከዚያ አብዮቱ መጣ። ባሏ ሞተ፣ ሁለቱ የኪራይ ቤቶቿ ተወረሱ፣ ስኒዎቹም ቁም ሣጥን ውስጥ ገብተው ተቆለፈባቸው።

በ1970 ዓ.ም. ጥቅምት ስኒዎቹን ያወጣቻቸው ለጎረቤቷ ለዲንቄ የልጇን ሞት ለማርዳት ነው።

የዲንቄ ልጅ ሰንበታ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ይማር ነበር። አንድ ልጅ ነው፤ አባቱ የባቡር ሠራተኛ ነበር፣ ሰንበታ ገና በእግሩ ሳይሄድ ነው አባትየው የሞተው። ከአሰብ አዲስ አበባ የሚመላለሰው ሾፌር መርዳሳ፣ የአባትየው የአጎት ልጅ፣ ረቡዕ ዕለት ሲነጋጋ የልጁን ሬሳ አዲስ አበባ መንገድ ዳር ተጥሎ፣ ደረቱ ላይ ጽሑፍ ተለጥፎበት አየው። መኪናውን ለማቆም አልደፈረም። ያን ቀን ናዝሬት እንደ ደረሰ ፀዳለ ቤት ገብቶ ወንበር ላይ ዘፍ አለ።

«እኔ አልነግራትም» አላት። «ወንድ ነኝ ብዬ ነበር። በሯ ድረስ ሄጄ ተመለስኩ። እናንተ ጎረቤቶቿ ተጠበቡበት።»

እንደ ወጉ ቢሆን መርዶ የሚነገረው ንጋት ላይ ነው። ሽማግሌ ይጠራል፣ ጎረቤት ይሰበሰባል፣ ሐዘንተኛዋ ራሷን እንዳትጥል ግራና ቀኝ ይያዛል፣ ከዚያ ይነገራል፣ ከዚያ ይጮሃል። የደጉ ዘመን ሰው ሐዘን እንኳ ሥርዓት ነበረው። አሁን ንጋት ላይ ሰዓት እላፊ ነው። ድንኳን መጣል ክልክል ነው። «ፀረ አብዮተኛ» ለተባለ ማልቀስ ራስን ፀረ አብዮተኛ ያስብላል። ከባቡር ጣቢያው ማዶ ያለች አንዲት እናት ጥቁር ለበሰች ተብላ ቀበሌ ታስራ ከርማለች። የወለደ ሰው ለልጁ እንዳያለቅስ የሚከለክል መንግሥት እግዜር ያሳያችሁ! እኛ ግን አይተናል።

ዘዴውን ያመጡት እትዬ ዘርፉ ናቸው። የሰፈሩ ትልቅ ሰው ናቸው፤ የስንቱን ቤት መርዶ የተናገሩ።

«ሴቶች ተሰብስበው ሻይ ጠጡ ቢባል ማን ይከሳል?» አሉ ለፀዳለ። «ያንን የወፍ ቀለብሽን አዘጋጂ። ሁለተኛውን ስኒ ስንጨርስ እኔ እነግራታለሁ። ወዲያው ወደ መኝታ ቤት እናስገባታለን። ራዲዮኑን ከፍ ታደርጊዋለሽ። አፏን በነጠላ እንይዝላታለን።»

«አፏን እንይዛለን?»

«ምን እናድርግ ልጄ? ሆድ ይፍጀው ነው ዘመኑ።»

ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጠረጴዛው ከብርቱካኑ ዛፍ ሥር ተዘረጋ። የፀዳለ ልጅ ዘመናይ የጠረጴዛውን ልብስ ሁለት ጊዜ ተኮሰችው። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ከሰንበታ ጋር አንድ ትምህርት ቤት ነው ያደጉት። ምን እንደነበሩ እናትየው ጠይቃ አታውቅም፤ ዓይን ላለው የሚጠየቅ ነገር አልነበረም። ከረቡዕ ወዲህ ዘመናይ እህል በአፏ አልዞረም። ጽጌረዳውን ቆርጣ ብርጭቆ ውስጥ ስታደርግ ጣቷን እሾህ ወጋት፣ ደሙን ቀሚሷ ላይ ጠረገችው፣ እናቷም አይታ እንዳላየች ሆነች።

እንግዶቹ አንድ በአንድ ገቡ። እንደ በዓል ቀን ለብሰው ነበር፤ እትዬ ዘርፉ እንዲህ ነው ያዘዟቸው። ተቀምጠው ስኒ ስኒውን አዩ።

ዲንቄ በመጨረሻ መጣች። «አካም ጅርቱ! ደህና ዋላችሁ ወይ?» የሚለው ድምጿ ከአጥሩ ማዶ ተሰማ። ፀዳለ ልትቀበላት ተነሣች። ዲንቄ ጥለቱ አረንጓዴ የሆነውን የሐበሻ ቀሚሷን ለብሳለች። ፀጉሯን አዲስ ሹሩባ ተሠርታለች። ዓይኗን ተኩላለች። በእጇ ደግሞ ደስታ ወዳለበት ቤት የሚወሰደውን የገብስ ጭኮ፣ ቅቤው ከላዩ ተንጣሎ፣ በሣህን ይዛለች። ሰው ለገዛ መርዶው ጭኮ ይዞ ይመጣል? ፀዳለ ሣህኑን ተቀብላ ኬኩ አጠገብ አስቀመጠችው። በዚያች ደቂቃ ይህን ግብዣ ያሰበችበትን ቀን ረገመች።

«ምነው ዝም አላችሁ? ሻይ ነው የተጠራነው ወይስ ጸሎት?» አለች ዲንቄ እየሳቀች።

ሴቶቹም ሳቁ። የሳቁት ሳቅ ከለቅሶ ይከፋ ነበር።

የመጀመሪያው ስኒ ተጠጣ። ስለ ሙቀቱ ተወራ፣ ስለ ስኳር መወደድ ተወራ፣ ወደ ሐረር ስለሚያልፈው የወታደር መኪና ብዛት ተወራ። ዘመናይ ሁለተኛውን መቅዳት ስትጀምር የአጥሩ በር ተንኳኳና ሳይከፈትለት ተከፈተ። በቅርቡ ከአርሲ ነገሌ ተዛውራ የመጣችው የቀበሌው ሴቶች ማኅበር ሊቀመንበር ሸዋወርቅ ነበረች። ካኪ ለብሳለች። ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት።

«ጓዶች፣ ግብዣ አለ ሲባል ሰማሁ። ለእኔ ስኒ ጠፋ?»

«ምን ጠፍቶ! ግቢ፣ ግቢ» አለች ፀዳለ። ወንበር አመጣችላት፤ ሻይም ማስቀመጫው ላይ እስኪፈስ ድረስ ቀዳችላት። እትዬ ዘርፉን አየቻቸው። እትዬ ዘርፉ ራሳቸውን በቀስታ ነቀነቁ፤ ዛሬ አይሆንም ማለታቸው ነው። ታዲያ መቼ ነው የሚሆነው? ነገ ይህን ያህል ሴት በምን ሰበብ ይሰበሰባል? አንድ ቂል ገበያ መሐል ቢነግራት፣ ብቻዋን ብትሰማው፣ መንገድ ላይ ብትጮህ፣ ጭነው ቢወስዷትስ? ፀዳለ ኬክ እየቆረጠች ይህን ሁሉ ታወጣለች ታወርዳለች።

ያን ጊዜ ዲንቄ ከወንበሯ ተነሣች።

«ጎረቤቶቼ» አለች፤ «ባል የለኝ፣ ሽማግሌ አድርጌ የምልከው ወንድ ቤቴ የለ። ራሴ ሽማግሌ ሆኜ መጥቻለሁ። ፀዳለ፣ ልጅሽን ዘመናይን ለልጄ ስጪኝ።»

ዘመናይ ማንቆርቆሪያውን ይዛ ቀና አለች።

«ተቀመጪ እንጂ ዲንቄ» አለች ፀዳለ።

«አልቀመጥም። ሽማግሌ መልስ ሳያገኝ መቼ ይቀመጣል?»

ሸዋወርቅ ጭኗን መታ መታ አድርጋ ሳቀች። «ይበል! ሴት ሽማግሌ! የሴቶች እኩልነት ማለት ይኸው ነው! ለመሆኑ ልጅሽ የት ነው ያለው?»

«አዲስ አበባ» አለች ዲንቄ። «እዚያው ነው ያለው።»

ፀዳለ ከዚህ በላይ መስማት አልቻለችም። «እስቲ አንዴ ልማከርሽ፣ ምክር የሌለው ጋብቻ የለም» ብላ የዲንቄን እጅ ይዛ ወደ ጽጌረዳው ወሰደቻት። እዚያ ደርሳ ልትነግራት አፏን ከፈተች። የዲንቄ እጅ በዚያ ሙቀት በረዶ ሆኖ ነበር።

«አትንገሪኝ» አለች ዲንቄ በሹክሹክታ። ፊቷ አሁንም ለጠረጴዛው ፈገግ እንዳለ ነው። «አውቄዋለሁ።»

«ምኑን?»

«ረቡዕ መርዳሳ በሬ ድረስ መጥቶ ተመለሰ። በመስኮት አየሁት። ቤቴን ረግጦ ውኃ ሳይጠጣ ሄዶ የማያውቅ ሰው! ከዚያ ወዲህ ደግሞ ሰፈሩ ሁሉ ‹ደህና ነሽ ወይ? ቤቱ ደህና ነው? ዶሮዎቹ ደህና ናቸው?› ይለኛል። ‹ልጅሽስ ደህና ነው ወይ?› ብሎ የጠየቀኝ አንድ ሰው የለም። አንቺ ራስሽ አልጠየቅሽኝም ፀዳለ። በየቀኑ ትጠይቂኝ ነበር።»

እውነት ነበር። ሴቶቹ ለመዋሸት አንደበታቸው እምቢ ብሏቸው፣ ስሙን ከሰላምታቸው አውጥተውት ነበር። አንዳቸውም ይህን አላሰቡትም። ፀዳለ የጽጌረዳውን ግንድ ይዛ ቆመች።

«ሦስት ሌሊት ትራስ ነክሼ አደርኩ» አለች ዲንቄ። «አላለቅስ፣ አልጮህ። ልጄ ሳይዳር ቀረብኝ ፀዳለ። ቢያንስ ይዳርልኝ። ሰው ፊት፣ በወግ፣ በንጹሕ ጠረጴዛ። ስጪኝ።»

ፀዳለ እናት ናት። ለሞተ ሰው ልጅን መስጠት! ነገ የጋብቻ ጠያቂ ሲመጣ ሟርቱ ልጇ ላይ ቢያርፍስ? አገር ሁሉ ዘመናይን ለሬሳ የታጨች ብሎ ቢጠራትስ? ለዲንቄ ቤቷን ብትሰጥ አይቆጫትም ነበር። ይህን ግን እንዴት ብላ? «ዲንቄ...» አለች።

ዘመናይ የሻይ ማንቆርቆሪያውን እንደያዘች ከኋላቸው ቆማ ነበር። ሁሉንም ሰምታለች። እናቷን አላየቻትም፤ ፈቃድም አልጠየቀችም። ማንቆርቆሪያውን ሣሩ ላይ አስቀመጠችና ተንበርክካ የዲንቄን ጉልበት ሳመች፤ ምራት የአማቷን ጉልበት እንደምትስም፣ በግራም በቀኝም። ከዚያ ግንባሯን እዚያው ደግፋ ቀረች።

«ልጄ ሰጥታለች» አለች ፀዳለ ወደ ጠረጴዛው ዞራ። ድምጿ የራሷ አልመስል አላት። «እኔም ሰጥቻለሁ።»

እትዬ ዘርፉ ገባቸው። እሳቸው ያልገባቸው ነገር መቼም አይገኝም። ወንበራቸውን ገፍተው ተነሡና ያረጀ ጉሮሯቸውን ከፍተው «እልልልል!» አሉ። ሌሎቹም ተከተሏቸው። እንባው ያን ጊዜ መጣ፤ በሁሉም ፊት ላይ ወረደ፤ ማንም አልጠረገውም።

«ምነው፣ ምን ያስለቅሳችኋል?» አለች ሸዋወርቅ።

«ልጅ ሲዳር የማያለቅስ ማን አለ?» አሉ እትዬ ዘርፉ እልልታቸውን ሳያቋርጡ።

«እሱስ እውነት ነው» አለች ሸዋወርቅ። ኬክ ጎርሳ ነበር፤ ዋጠችና ቀጠለች፦ «ቆይ እንጂ፣ ሙሽራው ማን ይባላል? ስሙን እንኳ ሳትነግሩኝ!»

እልልታው ቀዘቀዘ። ፀዳለ በአንድ በኩል፣ እትዬ ዘርፉ በሌላ በኩል ሆነው ዲንቄን ወገቧን ያዟት። ዲንቄ መጀመሪያ ቀስ ብላ፣ እንደሚጠየቅ ሰው፣ «ሰንበታ» አለች። ከረቡዕ ወዲህ ስሙ ከአፏ ሲወጣ ያ የመጀመሪያው ነበር። ከዚያ ነጠላዋ ከትከሻዋ ወደቀ።

«ሰንበታ!» አለች። «ሰንበታዬ! የእኔ አንድ! የእኔ ሙሽራ! ሰንበታ! ሰንበታ!»

ሴቶቹ እልልታውን ከድምጿ በላይ ከፍ አደረጉት። ዲንቄ ስትጮህ እነሱም ይጮኻሉ፣ ስትወድቅ ፀዳለ ታነሣታለች፣ ዘመናይ እግሯን አቅፋ አትለቅም። ሸዋወርቅም ስኒዋን አስቀምጣ፣ ፊቷ በደስታ በርቶ፣ ታጨበጭብላቸው ጀመር።