ለዲፌንስ የተቀመጠች ጥያቄ

ዶክተር ሙንዚር ስህተቱን ያየው በታኅሣሥ ነው። ደሴ ቤቱ ተቀምጦ ከይሪያ የምትባል ተማሪው ያመጣችለትን ምዕራፍ ሲያገላብጥ ገጽ አርባ አንድ ላይ ዓይኑ ቆመ። ልጅቷ ለማስተርስ የምታጠናው ባሕር ውስጥ የሚተከል የነፋስ ተርባይንን የሚሸከም የብረት ምሰሶ ነው። ምሰሶው ባሕሩ ወለል ውስጥ የሚገባበትን ቦታ ጨርሶ እንደማይነቃነቅ አድርጋ አስልታዋለች። አሸዋና ጭቃ ግን ይላወሳል፤ ምሰሶውም አብሮት ይወዛወዛል። አንድ መስመር ቢጽፍላት በሳምንት ታስተካክለው ነበር።

"ጥሩ ነው፤ ቀጥይ" ብሎ ፈረመበት።

ለምን እንዲያ እንዳደረገ አልጠፋውም። ከዓመት በፊት፣ ኮምቦልቻ በሚያስተምርበት የግል ኮሌጅ፣ የማዕበል ግፊት ሰሌዳ ላይ ሲያሰላ ከይሪያ እጇን አውጥታ፣ "ይቅርታ ዶክተር፣ ፍጥነቱ ካሬ መሆን ነበረበት" አለችው። ልክ ነበረች። ክፍሉ ሳቀ፤ እሱም አብሮ ሳቀ። የክፍሉ ሳቅ ግን ቂም ሆኖ ሆዱ ውስጥ ቀረ።

ልጅቷ በዚያ መሠረት ላይ ወራት ሙሉ ገነባች፤ ነፋሱን፣ ማዕበሉን፣ የብየዳውን በንዝረት ብዛት መድከም ሁሉ። በመጋቢት ቢሮው መጣች።

"ዶክተር፣ መሠረቱን እንዲህ መያዜ ልክ ነው? ትንሽ ከንክኖኛል።"

"ፈርሜልሽ የለም እንዴ?"

"አዎ፣ ፈርመውልኛል። ጀዛኩሙላህ ኸይር" ብላ ወጣች።

ዲፌንሱ፣ ጽሑፏን ፈታኞች ፊት የምትከላከልበት ቀን፣ ሰኔ አጋማሽ ላይ ዋለ። ዴንማርክ የሚገኝ ዩኒቨርሲቲ ለዶክትሬት ተቀብሏት ውጤቷን እስከ ወሩ መጨረሻ ይጠብቃል። ከሐርቡ በጠዋት የተነሡት ገበሬው አባቷ ሀምዱ ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ከይሪያ አቀረበች፤ ከውጭ የመጣው ፈታኝ ኢንጂነር ሸዋዓለም ራሱን እየነቀነቀ ሰማት። ከዚያ የሙንዚር ተራ ደረሰ።

"እስቲ ገጽ አርባ አንድን ክፈቺው። ከሥሩ አይነቃነቅም ያልሽው፣ ባሕሩ ሲሚንቶ ነው?"

አንዱ ሳቀ። ከይሪያ ገጿን አየች፤ ፊቷ አመድ መሰለ።

"ዶክተር፣ እዚህ ላይ እኮ እርስዎ..."

"የምፈተነው እኔ ነኝ?"

ማርከሩን አነሳች። ጀርባዋን ሰጥታ አሥር ደቂቃ ያህል አሰላች። ስሌቷ አንድም ቦታ አልሳተም፤ ሙንዚርም ይህን ሲያይ ይበልጥ ተናደደ።

"ተርባይኑ በደቂቃ አሥራ ሁለት ጊዜ ይዞራል" አለች። "መሠረቱ ከተነቃነቀ የምሰሶው ውዝዋዜም በደቂቃ... አሥራ ሁለት ሆነ።"

"እና?"

"ሁለቱ ከገጠሙ ውዝዋዜው እየጨመረ ይሄዳል።"

"ከዚያስ?"

"ይሰበራል።"

"ለአባትሽ ጮክ ብለሽ ንገሪያቸው፤ ኋላ አይሰማም።"

ከይሪያ ዞረች። "አባባ፣ እኔ የሠራሁት ምሰሶ ይሰበራል።"

ሸዋዓለም ገጹን አገላበጠ። "ይህ የእርስዎ ፊርማ አይደለም፣ ዶክተር?"

"ምዕራፉ ደርሶኛል ማለት ነው እንጂ ስሌቱን አጣርቻለሁ ማለት አይደለም።"

ሸዋዓለም ሊናገር አፉን ከፈተ። በር ላይ ሌላ ተማሪ ይጠብቅ ነበር፤ ሰዓቱን አየና ተወው። አስተካክላ ሙንዚርን ታስፈርም፣ ውጤቷም ያኔ ይለቀቅ ተባለ።

ሙንዚር ደጅ ሲወጣ ሀምዱ ጠበቁት። እጁን በሁለት እጃቸው ያዙት።

"አላህ ይስጥልን፣ ዶክተር። ልጄ ስትሳሳት ዝም ብለው አላለፏትም። አስተማሪ እንዲህ ነው።"

ከይሪያ ከአባቷ ኋላ ቆማ ዓይን ዓይኑን ታየው ነበር። ትናገራለች ብሎ ጠበቀ። እሷ ግን አባቷ የሚያመሰግኑት ሰው ያደረገውን ነግራ ዳግም ልታሳፍራቸው አልፈለገችም።

"አሚን፣ አባባ" አለ ሙንዚር።

እርማቱን በአራት ቀን ጨርሳ ጠረጴዛው ላይ አኖረችለት። ወሩ ሳያልቅ ሁለት ጊዜ መጥታ ጠየቀችው፤ ሁለቱንም ጊዜ "ገና አላየሁትም" አላት። አይቶት ነበር፤ እንከን አልነበረውም። የፈረመው በመስከረም ሲሆን ያኔ የዴንማርኩ ቦታ ለሌላ ተሰጥቶ ነበር።

ከይሪያ ሐርቡ ገብታ የሕንፃ መሣሪያ መደብር ውስጥ ቆርቆሮና ምስማር እንደምትሸጥ አንድ ባልደረባው ምሳ ላይ ነገረው።

"ጎበዝ ልጅ ነበረች" አለ ሙንዚር። ከልቡ ነው ያለው። ይጸጽተኛል ብሎ ትንሽ ጠበቀ፤ ምንም አልመጣም፤ ጨው እንዲያቀብሉት ጠይቆ መብላቱን ቀጠለ።