የትናንት ሩዝ በቀይ እስክሪብቶ

ሃያ ሰባት። ማለፊያው ከመቶ ሠላሳ ሦስት ነው፤ እኔ ሃያ ሰባት አመጣሁ። ይኸው ነገርኳችሁ፤ አላፍርበትም። የማፍረውን ያህል ያኔ አፍሬ ጨርሻለሁ። ቲቸር ሶብሃን የእንግሊዝኛ ወረቀቴን ይዘው አስረኛ ክፍል ፊት ቆመው ጮክ ብለው ሲያነቡት፣ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ እሰይ ባልኩ ነበር።

ጥያቄው «ለትምህርት ቤትህ ዳይሬክተር የፈቃድ ማመልከቻ ጻፍ» ይላል። እኔ ስለ ችግኝ ተከላ ሳምንት ሁለት ገጽ ሙሉ ጻፍኩ። አንዲት ፊደል ሳላዛንፍ! ሁላችንም የምንሸመድደው አጋዥ መጽሐፍ ላይ «ዘንድሮ የሚወጣ» ተብሎ ሦስት ኮከብ የተሰጠው እሱ ነበራ። ባዶ ቦታ ሙላ የሚለውንም እንደዚያው፤ የመጽሐፉን መልሶች በተራ ሸምድጄ በተራ ደረደርኳቸው። ጥያቄው ሌላ፣ መልሱ ሌላ። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች ማለት እኔ ነኝ።

«ጉልናሃር» አሉ ቲቸር ሶብሃን፣ መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው ጫፍ አውርደው፣ «ዳይሬክተራችን ፈቃድ ስትጠይቂያቸው ችግኝ ልትተክዪላቸው ነው?»

«ውሃም ታጠጣው፣ ቲቸር!» አለ ከኋላ አንዱ ጎረምሳ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኛ ጋ የፈተና ወረቀት ወደ ቤት አይወሰድም፤ አይቶ መመለስ ነው። መለስኩና ወጣሁ።

ዋናው ፈተና ይሄ አልነበረም፤ ሞዴል ነው። ግን ሞዴሉን የወደቀ ለብሔራዊ ፈተና ፎርም አይሞላም። ዳይሬክተራችን ሞክሌሱር ዘንድ ሄድኩ።

«ዳይሬክተር፣ በሌላው ሁሉ አልፌያለሁ። ሂሳብ ሰባ አንድ ነው ያመጣሁት።»

«አምና አዝነን ያስገባናቸው ሰባት ልጆች ወድቀው የትምህርት ቤቱን ስም አበላሹት። ለከርሞ ሞክሪ።»

«ለከርሞ እዚህ የለሁም። ጋዚፑር ስፌት ፋብሪካ ልሄድ ነው።»

«እሱም ሥራ ነው» ብለው ወደ ወረቀታቸው ተመለሱ።

ሥራ መሆኑ ጠፍቶኝ ነው? አክስቴ ሞሜና አሥራ አራት ዓመት ጋዚፑር ሰፍታለች፤ የእህቶቿን ልጆች ያለበሰችው እሷ ናት። እኔ ግን ነርስ መሆን ነው የምፈልገው፤ ያለ አስረኛ ክፍል ውጤት ደግሞ የነርስ ትምህርት ቤት ዘበኛም አያስገባኝም። አክስቴ ፈቃድ ወጥታ ቤታችን ነበረች። አባቴ አሸዋ ጫኝ ጀልባ ላይ ስለሚውል የቤቱ ቃል የእማ ነው፤ እማና አክስቴ ተነጋግረው ጨርሰዋል። ፎርሙ የሚዘጋው የሚቀጥለው ሳምንት ሐሙስ ነው። እስከ ሐሙስ ካልሞላሁ፣ በዚያው ዕለት ከአክስቴ ጋር ባስ እሳፈራለሁ። አሥራ አንድ ቀን ቀረኝ።

እማ ቶንጋ ትሠራለች፤ ለውዝና የሩዝ ፈንዲሻ የሚሸጥበትን የወረቀት ከረጢት። በከተማችን በሲራጅጋንጅ ገበያ ውስጥ በእማ ቶንጋ ያልበላ ሰው ያለ አይመስለኝም። ቆራሌው ጀባር አሮጌ ወረቀት በጆንያ ያመጣል፤ እማ ታጥፋለች፣ እኔ በዱቄት ሙጫ እለጥፋለሁ። እማ ማንበብ አትችልም። ለእሷ ወረቀት ወይ ወፍራም ነው ወይ ስስ።

ዳይሬክተሩ በመለሱኝ ዕለት ከሰዓት ጀባር ያራገፈውን ጆንያ ስፈታ፣ የመጀመሪያው ወረቀት ላይ የትምህርት ቤታችን ማህተም አለ። ሁለተኛውም ላይ። ሦስተኛውም። ጽሕፈት ቤቱ መደርደሪያ ጠበበኝ ብሎ ሞዴሉን ገና በሳምንቱ ሸጦታል። የመቶ አርባ ሦስት ተማሪ እንግሊዝኛ በቲቸር ሶብሃን ቀይ እስክሪብቶ እንደተጨማለቀ ቤታችን ውስጥ ተዘረገፈ። የእኔም ነበረበት። ልቀደው አነሳሁት።

«ተይ!» አለች እማ። «ደህና ወረቀት ነው። ሁለት ቶንጋ ይወጣዋል።»

«እማ፣ ይሄ'ኮ የወደቅኩበት ነው።»

«ታዲያ ለውዙ ምን አገባው?»

እውነቱን ልናገር፤ ማንበብ የጀመርኩት ልማር ብዬ አይደለም፣ ቲቸር ሶብሃንን ልይዛቸው ነው። ቤታቸው በግል የሚያስጠኗቸውን ልጆች ማርክ ይጨምሩላቸዋል ብሎ ሰፈሩ ያማቸዋል። የነዚያን ልጆች ወረቀት ከእኔው ጎን አድርጌ መስመር በመስመር ሳመሳክር ዋልኩ። ምንም የለም። ለእኔ ኤክስ ያደረጉትን ለእነሱም ኤክስ አድርገውታል። ሰውዬው ንጹህ ናቸው! እንዴት እንደተናደድኩ። የሰው ጥፋት ስፈልግ የራሴን አገኘሁ።

ግን ሌላም ነገር አየሁ። ችግኝ የተከልኩት እኔ ብቻ አይደለሁም። ስልሳ ስምንት ልጅ ተክሏል! ያ «ውሃም ታጠጣው» ያለው ቅሌታም ራሱ ሁለት ገጽ ሙሉ ደን አልምቷል፤ በሌላው ጥያቄ ለጥቂት ተርፎ ነው እንጂ። የተሳቀው በእኔ ብቻ ስለሆነ ብቻዬን ያጠፋሁ መስሎኝ ነበር።

ከመሃል የኮሂኑር ወረቀት ወጣ። ኮሂኑር ከወንዙ ማዶ በጀልባ የምትመጣ፣ አጋዥ መጽሐፍ እንኳ የሌላት ልጅ ናት። ማመልከቻዋ አጭር ናት፤ ጀልባችን ስለተበላሸ ሁለት ቀን ቀርቻለሁና ይፈቀድልኝ ነው የምትለው። ቀዩ እስክሪብቶ አሥራ አንድ ቦታ ነክሷታል። ቢሆንም ከአሥር ስድስት አግኝታለች። እኔ ስህተት የሌለበት ሁለት ገጽ ጽፌ ዜሮ! ለምን? እሷ የተጠየቀችውን መለሰቻ።

እልህ ያዘኝ። እልህ ምላጭ ያስውጣል ይባላል፤ እኔን ያስዋጠኝ መቶ አርባ ሦስት ወረቀት ነው። እያንዳንዱን ቀይ አየዋለሁ፣ ትክክለኛውን ከጎኑ እጽፋለሁ፣ ከዚያ ለእማ አቀብላታለሁ። ሁለተኛው ቀን ላይ እማ ማጠፏን ትታ አንዱን ወረቀት አገላበጠችው።

«ይሄ ቀይ ምንድን ነው?»

«ስህተት ነው።»

«ስህተት መሆኑንማ ቀለሙ ነገረኝ። ምን አጥፍቶ ነው?»

«ግሱ ኃላፊ ጊዜ መሆን ሲገባው...»

«እኔ እንደሱ አይገባኝም። በሰው ቋንቋ ንገሪኝ።»

«ትናንት ያደረገውን ነገ እንደሚያደርገው አድርጎ ጽፎታል።»

እማ ትንሽ አሰበች። «የትናንት ሩዝ ነው በይኛ! የበላውን ሩዝ ነገ እበላዋለሁ ይላል እንዴ? ሞኝ! ቀጥይ።»

ከዚያ ወዲህ ስህተት ሁሉ ስም ወጣለት። ጊዜው የተምታታ «የትናንት ሩዝ» ሆነ። አንዱን እንደ ብዙ የጻፈ «የዳክዬ መንጋ» ተባለ። የተጠየቀውን ትቶ ሌላ የመለሰ «ችግኝ» ሆነ፤ ይቺን ያወጣሁት እኔ ነኝ። እማ ያልገባትን ወረቀት አታጥፍም። ጭኗ ስር ታደርገውና «አልገባኝም» ትላለች። ሁለተኛ አስረዳለሁ፣ ሦስተኛ አስረዳለሁ፤ በሦስተኛው ያልገባኝ እኔ መሆኔ ይታወቀኛል። አንዳንዱ ወረቀት ጭኗ ስር ሁለት ቀን ያድር ነበር። በየቀኑ ደግሞ ከራሴ ሕይወት አንድ ማመልከቻ እጽፋለሁ፤ ለዶክተር፣ ለፖስታ ቤት፣ አንድ ጊዜ ለጀባር ሳይቀር።

«እህቴ፣ አበድሽ እንዴ?» አለች አክስቴ ሞሜና፣ ከንፈር የሚያቀላ ቅጠሏን እያኘከች። «ልጅቷን ለማሽን አዘጋጂልኝ ብልሽ ለዳክዬ ታዘጋጂያታለሽ?»

«አንቺ ትኬትሽን ጠብቂ» አለቻት እማ።

ሐሙስ ጠዋት አክስቴ ሻንጣዋን ዘግታ በር ላይ አስቀመጠች፤ የእኔንም ልብስ ጨምራበታለች። «ባሱ ስድስት ሰዓት ነው። ሂጂና ልብሽ ይረፍልሽ፤ ግን እንዳትቆዪ» አለችኝ። አሥር ቶንጋ በሻሼ ቋጥሬ ወጣሁ።

ዓይኔን በጨው አጥቤ ነው ቢሮ የገባሁት። ዳይሬክተሩ የተሞሉ ፎርሞችን ይቆጥራሉ። ቲቸር ሶብሃን መስኮቱ ጋ ተቀምጠው ከበር ላይ የገዙትን ፈንዲሻ በሽንኩርትና በሚጥሚጣ ይበላሉ።

«ጉልናሃር፣ ጨርሰናል ብዬሻለሁ» አሉ ዳይሬክተሩ።

«እርስዎ ጨርሰዋል። እኔ አልጨረስኩም። ቲቸር፣ ያ የያዙት ቶንጋ የቤታችን ሥራ ነው። ጀርባውን ይዩት።»

ገለበጡት። እጃቸው ቆመ። «ይሄ... የእኔ እርማት አይደለም እንዴ?»

«ነው። ዛሬ ዘይት ጠጥቷል እንጂ። አሥር ሌላ ይዣለሁ። ከፈለጉት ላይ ይምረጡና ለምን ኤክስ እንዳደረጉት ይጠይቁኝ።»

ዳይሬክተሩ ሊያስወጡኝ አፋቸውን ሲከፍቱ ቲቸር ሶብሃን ጣታቸውን አንዱ ቀይ ላይ አሳርፈው ነበር። መለስኩ። ሌላ አነሱ፤ መለስኩ። አራተኛው ላይ ቸኩዬ «ይቺማ የትናንት ሩዝ ናት» አልኩ። «ምን?» አሉ። የእማን ነገር ነገርኳቸው። ሳቁ፤ ያኔ ክፍል ውስጥ እንደተሳቀብኝ ያለ ሳቅ ግን አልነበረም።

«ይሄም ሽምደዳ ቢሆንስ?» አሉ ዳይሬክተሩ። «መጽሐፉን የሸመደደች ቶንጋውን መሸምደድ ያቅታታል?»

ነገሩ እውነት ስለሆነ የባሰ ነደደኝ። «እንግዲያው ያልሸመደድኩትን ይስጡኝ!»

ቲቸር ሶብሃን ባዶ ወረቀት ገፉልኝ። «ለትምህርት ቤትሽ ዳይሬክተር የፈቃድ ማመልከቻ ጻፊ።»

ያችው ጥያቄ! ቆሜ ጻፍኩ። ችግኝ የለ፣ ኮከብ የለ። ሃያ ሰባት አምጥቻለሁ፣ ውጤቱ የሚገባኝ ነው፣ አሥራ አንድ ቀን መቶ አርባ ሦስት ወረቀት አርሜያለሁ፣ ፎርሙን እንድሞላ ይፈቀድልኝ። ስምንት መስመር። ስድስት ሰዓት እየደረሰ ነው።

ቲቸር ሶብሃን ቀዩን እስክሪብቶ አወጡ። አንድ ከበቡ። ሁለት። ሦስት። ዳይሬክተሩ «ይኸው!» አሉ።

እኔ ግን ወረቀቱን በተገለበጠ አቅጣጫም ቢሆን እያየሁት ነበር። ሆዴ ዝም በይ አለኝ። ሦስት ካሉ ሦስት ይሁን፣ በራስሽ ላይ ምን አስጨመረሽ አለኝ። ግን እማ ወረቀቱን ጭኗ ስር አድርጋ «አልገባኝም» ስትል ታየችኝ።

«አራት ነው» አልኩ።

«ምን አልሽ?»

«አንድ ዘለውኛል፣ ቲቸር። አምስተኛው መስመር ላይ። አሥራ አንድ ቀን የሠራሁትን ገና እንደምሠራው አድርጌ ጽፌዋለሁ።»

መነጽራቸውን ወደ ላይ ገፍተው ወረቀቱን ወደ ብርሃኑ አስጠጉት። ከዚያ ራሳቸው ከበቡት፤ ጠበቅ አድርገው።

«የትናንት ሩዝ» አሉ። ወደ ዳይሬክተሩ ዞሩ። «ሃያ ሁለት ዓመት አስተምሬያለሁ። ያረምኩበትን ሲያይ ማርክ ጨምርልኝ የሚል እንጂ፣ ስህተት ረስተህልኛል የሚል አላጋጠመኝም። ትሙላ።»

«ብትወድቅስ?»

«ብወድቅ በራሴ ስህተት ነው የምወድቀው እንጂ በመጽሐፍ ስህተት አይደለም» አልኩ ቲቸር ሳይመልሱ።

ዳይሬክተሩ እኔንም ወረቀቱንም አዩ። ሰዓታቸውን አዩ። ከዚያ እዚያው ማመልከቻዬ ላይ፣ ከአራቱ ቀይ ክቦች ስር፣ ተፈቅዷል ብለው ፈረሙ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ፎርሙን እዚያው ሞላሁ፤ ስሜን በትልልቁ ጻፍኩ።

በሩ ጋ ስደርስ ዞርኩ። «ቲቸር፣ ያቺን የመጀመሪያዋን ክፍል ፊት አንብበውብኛል። ይቺንም እዚያው ያንብቡልኝ።»

«ከነአራቱ ስህተት?»

«ከነአራቱ!»

ቤት ስደርስ አክስቴ ሻንጣውን ትከሻዋ ላይ አድርጋ በር ላይ ቆማለች። «የት ጠፋሽ አንቺ ልጅ! ባሱ ሊያመልጠን ነው፣ ነይ!»

እማ ቶንጋ ከማጠፍ ቀና አላለችም። የፈረሙበትን ወረቀት አወጣሁና ከፊቷ አስቀመጥኩት። ፊርማውን አታውቀውም፤ ቀዩን ግን ታውቀዋለች። በጣቷ አንድ በአንድ ቆጠረችው።

«ሞሜና» አለች፣ «የልጄን ልብስ ከሻንጣሽ አውጪልኝና በሰላም ሂጂ።» ከዚያ አጠገቧ ያለውን ምንጣፍ በመዳፏ መታ መታ አደረገችው። «አራት? ቁጭ በይና አስረጂኝ።»