የጁምዓ ጨዋታ

አሚናት ግማሹን የፋቀችውን ዓሣ ሳህኑ ላይ ጣል አድርጋ ተነሳች። ከጎኗ ድንች የምትጠብሰው ማናዬ ሳቋን ለቀቀችው።

«ዛሬም? ጁምዓ በመጣ ቁጥር ገበያተኛውን ጥለሽ ትሮጫለሽ። ያልነገርሽን ባል አለ እንዴ?»

«አንቺ ዓሣውን ከድመት ጠብቂልኝ፤ ባሉን እኔ አውቃለሁ» አለችና ሻሿን እያጠበቀች ከሐይቁ ዳር ወደ ቤቷ ገሰገሰች።

ልጇ ሉብና በረንዳው ላይ ስልኳን ይዛ ተቀምጣለች።

«ገባ?»

«ገብቷል። እማ፣ እጅሽን ታጠቢ እንጂ!»

አሚናት እጇን በቀሚሷ ጠርጋ አጠገቧ ቁጢጥ አለች።

የገባው ኡበይድ ነው፤ የበኩር ልጇ። ሪያድ ሄዶ ሥራ አልቀናው ብሎ ሲንከራተት ከረመ። ባለፈው ዒድ «ሰው የሆንኩ ዕለት እደውላለሁ» ብሎ ስልኩን ዘጋ፤ ከዚያ ወዲህ ቁጥሩ አይሠራም፣ በኢንተርኔት የሚደውልበት ኢሞውም ጠፋ። እናት ደግሞ ልጄ ሰው እስኪሆን ልጠብቅ ብላ እንቅልፍ ይወስዳታል?

ያገኘችው ሉብና ናት፣ በስልክ ጌም ላይ ከማታውቃቸው ሰዎች ጋር ስትታኮስ። «የሐይቁ ልጅ» የሚል ስም አይታ ጠጋ ብትል፣ ሰውየው ጠመንጃውን አነጣጥሮ አምባሰል ያንጎራጉራል። ጠላት እያደነ አምባሰል የሚያንጎራጉር ከወንድሟ ሌላ ማን ይኖራል? ማንነቷን ግን አልነገረችውም። ካወቀ ይህንንም እንደ ኢሞው ያጠፋዋል ብላ ፈራች። ስለዚህ እሱ ወደ ጌሙ በሚገባበት ጁምዓ፣ በሐሰት ስም ገብታ፣ ማይኳን ዘግታ አብራው ትጫወታለች። እናቷም በትከሻዋ በኩል ታያለች።

አሚናት የምታውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ባለ ቀይ ሸሚዙ ልጇ ነው።

«ከስቷል» አለች።

«እማ፣ ይሄ እኮ ሥዕል ነው። ሥዕል አይከሳም።»

«ድምፁ ነው የከሳው።»

ወዲያው ከስልኩ ውስጥ ያ ድምፅ መጣ። «ዝምተኛው፣ ዛሬም መጣህ? አብሽር፣ ብቻ ከእኔ አትራቅ።»

አሚናት ወደ ስልኩ ጎንበስ አለች። «አንዴ ብቻ ላውራው፣ ሉብና።»

«ይጠፋል እማ! ወላሂ ይጠፋል!»

እውነቷን ነው። አሚናት እንደ ሌላው ጁምዓ ሁሉ ሆድ ይፍጀው ብላ የሻሿን ጫፍ ነከሰች። እንዲህም ሆኖ ናፍቆቱ አልቀለለላትም፤ ድምፁን ሰምታ ዝም ብላ ወደ ዓሣዋ በተመለሰች ቁጥር ይብስባታል።

ባለ ቀይ ሸሚዙ አንድ ባዶ ቤት ደጃፍ ደረሰ። ጎንበስ ብሎ ሣጥን መፈተሽ ጀመረ፤ ማንጎራጎሩንም ቀጠለ። ሉብና ዓይኗ ከተራራው በሚተኩስባት ሰው ላይ ነው። ከቤቱ ጀርባ ግን ሌላ ጠመንጃ የያዘ ሰው እየተሹለከለከ መጣ። ያየችው አሚናት ብቻ ናት።

እጇን ሰዳ፣ ሉብና «በፍጹም እንዳትነኪው» ያለቻትን የማይኩን ምልክት ተጫነችው።

«ኡበይድ! ልጄ፣ ከኋላህ!»

ባለ ቀይ ሸሚዙ ቀጥ አለ። ዞሮ አልተኮሰም፣ አልሸሸም። ሰውየው ሲተኩስበት እዚያው ወደቀ።

«ያ አላህ! ገደሉብኝ!»

«በጌሙ ነው እማ፣ በጌሙ ነው» አለች ሉብና። «ምን ነካሽ? አሁን እኮ ጥሎን ይወጣል።»

ከስሙ ጎን ያለችውን አረንጓዴ ነጥብ ሁለቱም አፍጥጠው ጠበቁ። ነጥቧ አልጠፋችም። ማንጎራጎሩ ግን የለም።

«እማ?» አለ ድምፁ በመጨረሻ። «ዝምተኛው… አንቺ ነሽ?»

«ወዬ፣ የኔ ጌታ።»

«እኔ እኮ…» ድምፁ ተሰበረ። «ገና ሰው አልሆንኩም፣ እማ።»

ዓመቱን ሙሉ ያጠራቀመችው ጥያቄ ምላሷ ጫፍ ላይ ደረሰ። ለምን ጠፋህ? ምን በላህ? መቼ ትመጣለህ? አንዱን እንኳ ብታወጣው ነጥቧ ድርግም ብላ የምትጠፋ መሰላት። እንባዋን በሻሿ ጠረገች።

«ማን ጠየቀህ?» አለችው። «እኔ ለጨዋታ ነው የመጣሁት። ተነስና እንደገና ጀምር፤ ዛሬ ከኋላህ እኔ አለሁ።»

ከዚያም ዓሣ ዓሣ የሚሸተውን እጇን ወደ ሉብና ዘረጋች።

«አምጪው ስልኩን። መሮጫው የትኛው ነው?»